እናቴ በኢቃማዋ ገና ወጣት ናት

ስለ አረጋውያን ሕክምና እኔን ጠይቁኝ። የሳዑዲ መንግሥት ለአንዲት ያገሩ አሮጊት ምን ምን እንደሚሸፍን፣ የቱ መድኃኒት በነፃ እንደሚሰጥ፣ የቱ ወረቀት የት ቢሮ ማኅተም እንደሚመታበት ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሐበሻ ጅዳ ውስጥ ካለ ይምጣና እንነጋገር።

ኦብሑር፣ ባሕሩ ዳር ካሉት ቪላዎች በአንዱ ስሠራ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። ሥራዬ የቤቱን ባለቤት እናት መጠበቅ ነው። እኔም ልጆቻቸውም የምንጠራቸው "ማማ" ብለን ነው። ዕድሜያቸው ስልሳ ስድስት ነው፤ ስኳር አለባቸው፣ ደም ግፊት አለባቸው፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏል። በየወሩ ሐኪምና ነርስ ቤት ድረስ መጥተው ያዩዋቸዋል። ከፍ ዝቅ የሚል አልጋ ተሰጥቷቸዋል። የስኳር መለኪያው፣ ዳይፐሩ፣ ክኒኑ ሁሉ ያለ ክፍያ ነው የሚመጣው። ቀጠሮ የሚያዘው በስልክ ነው፤ ስልኩ የማማ ነው፣ ጣቱ ግን የእኔ። ልጆቻቸው እንኳን "ይሄ ይፈቀድላታል ወይ?" ብለው የሚጠይቁት እኔን ነው። የቤቱ እመቤት፣ መዳም፣ አንድ ቀን ለእንግዶቿ "ይህቺ ከሐኪም ትበልጣለች" ብላ አሞካሽታኛለች። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

አምና የማማን ሁለቱንም ዓይኖች ሞራ ጋረዳቸው። ቀጠሮውን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ያመላለስኳቸው እኔ፣ ጠብታውን በሰዓቱ ያደረግኩላቸው እኔ። መጀመሪያ ቀኙ ተገፈፈ፣ ከሳምንታት በኋላ ግራው። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ሻይ ይዤ ስገባ ማማ ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ይሄ ቀሚስ አያምርብሽም፣ ቀይሪው" አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ወላሂ አልቀናሁም። የሰው ዓይን በራ ተብሎ አይቀናም። ንዴቱ የመጣው በኋላ ነው።

እናቴ መካ ነው የምትሠራው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ አብስላለች። ስትገባ ሁለት የነበሩት የቤቱ ልጆች አምስት ሆኑ፤ ሦስቱን በጀርባዋ አዝላ አሳድጋቸዋለች። እኔ በወር አንድ ጁምዓ እረፍት አለኝ። ጠዋት በደባል ታክሲ በባሕራ በኩል አድርጌ እሄዳለሁ፤ ሐረም ገብተን እንሰግዳለን፣ ከዚያ ኩሽናዋ ውስጥ እንቀመጣለን፣ ማታ እመለሳለሁ። ከወር ወር የማገኛት በዚህ መንገድ ስለሆነ ለውጧን ቶሎ አላየሁትም። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

አንድ ጁምዓ ሻይ ስትቀዳልኝ ብርጭቆውን ስታው ትሪው ላይ ቀዳችው። እጇን በጨርቅ እየጠራረገች "ይሄ ኩሽና ጨለማ ነው" አለች። እኩለ ቀን ነበር፤ ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ ግድግዳውን ያንቦገቡገዋል። ቀና ብዬ ሳያት ምስሩን እየለቀመች ነው፣ ግን ወደ ምስሩ አታይም። ጠጠሩን በጣቷ ነው የምትፈልገው። የቅመም ዕቃዎቹን ክዳናቸውን እየከፈተች እያሸተተች ነው የምትለያቸው። አገጯን ይዤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ያ ነጭ ነገር ተጋርዷል፤ የቀኙ ብሷል። ማማ ላይ አይቼዋለሁና ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገኝም።

"እማዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ምኑ?"

"ዓይንሽ ነዋ።"

"ኤዲያ፣ ድካም ነው" አለች። ቆይታ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ለመዳሟ እንዳትነግሪ። ባለፈው ጨው ሁለቴ ጨምሬ ተቆጥታለች" አለችኝ።

"አብሽሪ" አልኳት። "ይሄ ቀላል ነው። የማማን ያስጨረስኩት እኔ ነኝ።" እንዲህ ነበር ያልኩት። ያን ያህል ተማምኜ ነበር።

በሚቀጥለው እረፍቴ ወደ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። ለማማ እንደማደርገው ቀጥ ብዬ ገብቼ፣ በአረብኛዬ ሰላምታ ሰጥቼ፣ ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ሠራተኛው ካርዱን ገልበጥ አድርጎ አየውና "ተእሚን አላት?" አለ፤ የጤና መድን ማለቱ ነው። የላትም አልኩት። "ድንገተኛ ሕመም ነው?" ዓይኗ ሊጠፋ ነው አልኩት። "ድንገተኛ ለማንም አይከለከልም፣ ብትወድቅ፣ ብትደማ፣ ልቧን ቢያማት አምጪያት። ሞራ ግን ድንገተኛ አይደለም። ከፊሏን፣ አሠሪዋን ጠይቂ።" ትሕትና የጎደለው ሰው አልነበረም። ሕጉን ነው የነገረኝ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። "ታዲያ እስክትወድቅ ቆሜ ልጠብቃት?" አልኩት። ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራ። እናቴ አባያዬን ስባ "ነይ እንሂድ፣ ሰው እያየን ነው" አለችኝ። እሷ እንኳ እያየች አልነበረም።

ያኔ ነው የገባኝ። ዘጠኝ ዓመት ያጠናሁት ሁሉ፣ ያ ሁሉ ቀጠሮ፣ ያ ሁሉ ማኅተም፣ የማማ ነው። አገሩ ለራሱ አሮጊቶች የሠራው ነው፤ መሥራቱ ደግ ነው፣ አላህ ይስጠው። እናቴ በዚያ መዝገብ ውስጥ የለችም። የእሷ መዝገብ ከፊሏ ነው፤ የሚያሳክማትም የማያሳክማትም አሠሪዋ ነው።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ማማ ዜና ሲከፍቱ አብሬያቸው ስሰማ፣ ከአራት በላይ የቤት ሠራተኛ ያለው ቤት ለሠራተኞቹ መድን መግዛት ግዴታው ነው የሚል ሕግ መውጣቱን ሰምቼ ነበር። ትዝ ሲለኝ በጣቶቼ ቆጠርኩ። እናቴ ቤት ሹፌሩ አለ፣ ዘበኛው አለ፣ ሁለት የኢንዶኔዥያ ልጆች አሉ፣ እሷ አለች። አምስት። ዘለልኩ በቃ። ለእናቴ መዳም ደወልኩና በለሰለሰ አንደበት፣ "እንዲያው የተእሚኑ ነገር እንዴት ሆነ?" አልኳት።

"እኛ ቤት አራት ናቸው" አለችኝ።

"ሹፌሩስ?"

"ሹፌሩ በትልቁ ልጄ ስም ነው።"

ትልቁ ልጅ አግብቶ ወጥቷል። ሹፌሩ ግን የሚተኛው ያው በሩ ጋ ካለችው ክፍል ነው፣ የሚበላው ከእናቴ ድስት ነው፣ የሚነዳው የእነሱን መኪና ነው። መቼ ተዛወረ ብዬ እናቴን ብጠይቃት፣ ሕጉ በተወራበት ሰሞን ነው። እስቲ ፍረዱ። ሕጉ ከአራት በላይ ሲል እነሱ አራት ሆኑ። አንድ ሰው ከወረቀት ወረቀት አሸጋግረው፣ የአራት ሰው ሕክምና በአንድ ፊርማ ተገላገሉት። መድኑ ቢገባስ ሞራ ማስገፈፍን ይጨምር ነበር ወይ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ እሱን ያኔ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ግን በሩ ላይ እንኳ አላደረሱንም። የግል ክሊኒክ ደውዬ ዋጋ ጠየቅኩና "አመሰግናለሁ" ብዬ ዘጋሁ።

በዚህ መሃል የእናቴ የቀኝ ዓይን ብርሃን ብቻ የሚለይ ሆነ። ግራው የሰው ቅርጽ ያያል፣ ፊት አያይም። ኢንዶኔዥያዊቷ ትንሿ ልጅ፣ አላህ ይባርካት፣ ምድጃው ላይ እየጠበቀች፣ መዳም ስትመጣ እያሳለች ምልክት ትሰጣት ነበር።

ጅዳ ውስጥ የእኛ አገር ሴቶች ተዋጥተን የተከራየናት አንዲት ክፍል አለች፤ የእረፍት ቀን ማረፊያችን ናት። አንድ ቀን እዚያ ሳወራው አንዷ ሴት፣ መካ ያለ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት የሽማግሌዎችን ዓይን በነፃ እንደሚያሠራ ነገረችኝ። ኢቃማ ይኑረው እንጂ የየትም አገር ሰው ይሁን፣ ዕድሜው ከስልሳ በላይ ከሆነ ይቀበሉታል አለች። እናቴ ስልሳ አምስት ናት። ደርግ ሲገባ ታጭታ ነበር፤ ከዚያ ላይ ቆጥረን ነው ያወቅነው። እዚያው ተነስቼ ሱጁድ ወረድኩ።

የድርጅቱ ቢሮ የተቀመጠችው ወጣት ልጅ ሳዑዲ ናት፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ። የእናቴን ኢቃማ ተቀበለች፣ አየችው፣ ወደ እናቴ ፊት ቀና አለች፣ እንደገና ካርዱን አየችው። "ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው" አለችኝ። ከዚያ አስታማሚዋን መመዝገብ ስለነበረባት የእኔን ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። የእኔው አርባ ሦስት ይላል።

"እህትሽ ናት?" አለችኝ።

"እናቴ ናት።"

"በስምንት ዓመት ነው የምትበልጥሽ።"

መጀመሪያ እሷ ሳቀች፣ ቀጥሎ እኔ። እናቴም ምን እንደተባለ ሳይገባት ሰው ሲስቅ ሳቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ከአገሬ ስወጣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ልጅ አይወስዱም ስለተባለ ደላላው ሃያ አራት ብሎ አስጻፈኝ። ሰባት ዓመት ጨመረብኝ፤ ቀሚስ አስለብሶ፣ ሻሽ አሳስሮ፣ "ስትጠየቂ አግብቼ ፈትቻለሁ በይ" አለኝ። አባቴ ከሞተ በኋላ ደግሞ እናቴን ላስመጣት ፈለግኩ። ሃምሳ ዓመቷ ነበር። ኮምቦልቻ ያለው ደላላ ደውሎ "ለአሮጊት ቪዛ የለም፣ ምን ላድርግ?" ሲለኝ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ "አሳንስልኝ" አልኩት። አንዲት ቃል። ሠላሳ ስድስት ብሎ ጻፋት። አሥራ አራት ዓመቷን በስልክ ሸጥኩት ማለት ነው። እሷ ያኔ ለጎረቤት ሁሉ "ልጄ ኮረዳ አደረገችኝ" እያለች ትስቅ ነበር። ብቻችንን አይደለንም፤ ከእኛ ሰፈር የወጣ ሁሉ ወይ የተጨመረበት ወይ የተቀነሰለት ነው፤ እውነተኛ ዕድሜውን ይዞ እዚህ የገባ ሰው አላውቅም። ልጅ ሆነን ትልቅ ነን አልን፣ ትልቅ ሆነን ልጅ ነን አልን፤ ሥራው የሚፈልገው መሃሉን ብቻ ነበርና።

ልጅቷ አልፈረደችብንም። "ከእናንተ አገር እንዲህ ያለ ብዙ ይመጣል" አለች። "አሠሪዋ ደብዳቤ ይጻፍልን። አብሯት ኖሯል፣ ያውቃታል። ከስልሳ በላይ መሆኗን በፊርማው ካረጋገጠ እንቀበላታለን።"

ወጥተን ታክሲ ውስጥ ስንገባ እኔ በደስታ አፌ አልከደን አለ።

"አትጠይቂው" አለችኝ እናቴ።

"ለምን?"

"አሮጊት ናት ብሎ እንዲጽፍ?"

"አዎ፣ ይጻፋ። ነሽ እኮ።"

"አሮጊት ማን ያሠራል፣ ልጄ?"

"አሥራ አምስት ዓመት አብስለሽለታል፣ ልጆቹን አዝለሻል። እንዲያው ምን ቢሆን እንዲህ አይጨክንም" አልኳት። አንገቷን ስትነቀንቅ ተናደድኩባት። "ሥራሽ ይሻልሻል ዓይንሽ?"

"ሁለቱም" አለች።

ያኔ የዋህነት መሰለኝ። እኔ አይደለሁ የሕክምናውን ነገር የማውቀው፣ ከሐኪም የምበልጠው።

ሄጄ ጠየቅኩት። ከፊሏ የተከበረ ሰው ነው፣ ጢሙ ሸብቷል፣ ሲናገር አይቸኩልም። ቆሜ እያስረዳሁት ሳለ "ተቀመጪ ልጄ" አለኝ። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ልክ ነሽ፣ እናታችን ናት" አለ። ደብዳቤውን እዚያው በስልኩ ጻፈው፣ ልጁ አተመው፣ ፈረመበት። መዳሟ ጭማቂ ይዛ መጣች። "እንዲህ ትልቅ ሴት መሆኗን አላወቅንም ነበር፣ ሚስኪን" አለችኝ። "እንዲህ ያለችን ሴት ማሠራት ሐራም ነው። ማረፍ አለባት።" ከደስታዬ ብዛት ተነስቼ ግንባሯን ሳምኳት። ያን መሳሜን ዛሬም እጸጸትበታለሁ።

በሦስተኛው ቀን የእናቴ ስልክ ላይ መልእክት ገባ። እሷ ማንበብ አትችልም፣ ብትችልም አታይም፤ ኢንዶኔዥያዊቷ ልጅ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። የማማን ቁርስ እያዘጋጀሁ ነበር። ኹሩጅ ኒሃኢ ይላል፤ መመለስ የሌለበት የመጨረሻ መውጫ። በተሰጣት ጊዜ ውስጥ አገሩን ለቃ መውጣት አለባት።

ወዲያው ለከፊሏ ደወልኩ። እንደዚያው ረጋ ብሎ አነሳው።

"ደብዳቤውን ያመጣሽው አንቺ ነሽ" አለኝ። "ከስልሳ በላይ ናት ብዬ ፈርሜያለሁ። ነገ ኩሽናዬ ውስጥ ብትወድቅ ማን ይጠየቃል? ሴትዮዋ እኮ የሕክምና ሽፋን የላትም።"

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። "ሽፋን የሌላት አንተ ስላላስገባሃት ነው" አልኩት። በአረብኛ፣ ጥርት አድርጌ፣ በሕይወቴ ለከፊል ተናግሬው በማላውቀው ድምፅ። "ሹፌሩን በልጅህ ስም ያዞርክ ጊዜ ነው ሽፋን ያጣችው።"

"ኸላስ" አለና ዘጋው።

ይሄ ነው እንግዲህ የእነሱ ማሳረፍ። ዕድሜዋ ሃምሳ አንድ ከሆነ ለመሥራት ትችላለች፣ ለመታከም አትችልም። ስልሳ አምስት ከሆነ ለመታከም ትችላለች፣ ለመኖር አትችልም። ሰውዬው አልጮኸ፣ አልሰደበ፣ አልመታ። በዚያው ደብዳቤ በጻፈበት ስልክ፣ በዚያው ጣት አሰናበታት። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። የሚጮኽን ሰው መልሰሽ ትጮኺበታለሽ፤ "እናታችን ናት" የሚልሽን ምን ትይዋለሽ?

ያን ሳምንት ቤት ውስጥ ድስቱን እያንኳኳሁ፣ በሩን እያላተምኩ ከረምኩ። ማማ ጠርተው ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አለቀሱ፣ እውነቴን ነው፣ "አላህን አይፈሩም ወይ" እያሉ እንባቸውን አበሱ። ልጃቸውን ጠርተው ለእናቴ ከፊል እንዲደውል ለመኑት። እሱም "ሰው ቤት ጉዳይ አልገባም" አለ። ትንሽ ቆይተው ማማ "ጠብታዬ ደረሰ?" አሉኝ። ደርሶ ነበር። አደረግኩላቸው። ያን ቀን ግን እጄ ከበደኝ፣ ልደብቀው አልችልም። አሮጊቷ ምንም አልበደሉኝም፤ ሆኖም ያ የተገፈፈ ዓይናቸው ሲያየኝ ፊቴን አዞርኩ።

እናቴ ጋ ስደውል የምትወቅሰኝ መስሎኝ ቃላቴን አዘጋጅቼ ነበር። "ያንቺ ጥፋት አይደለም" አለችኝ። "በይ አሁን ቶሎ ይሥሩልኝ። ዓይኔን ሳልይዝ እንዳልሄድ።"

ድርጅቱ ቃሉን ጠበቀ፣ ቀጠሮውንም አፋጠኑልን። ግን ሁለቱን ዓይን ባንዴ አይሠሩም፤ አንዱ ድኖ ሲታይ ነው ሌላው የሚነካው። የመውጫዋ ቀን ከሁለተኛው ቀጠሮ ይቀድማል። ቀኗን እንዲያራዝም ለከፊሏ መልእክት ላክሁ፤ ማንበቡን የሚያሳየው ምልክት መጣ፣ መልስ አልመጣም። ሐኪሙ ግራው ይሻላል አለ፣ ግራው ተሠራ። ያን ቀን የእኔ መዳም ፈቅዳልኝ አብሬያት ዋልኩ። በፕላስተር በተሸፈነ ዓይን ለእነዚያው ሰዎች ወደምታበስልበት ቤት መልሼ አደረስኳት። ፕላስተሩ ሲነሳ ግን አልነበርኩም፤ ሁለት ቀን ተከታትሎ እረፍት የሚባል ነገር የለም። ያስነሳቻት ትንሿ ኢንዶኔዥያዊት ናት።

በሦስተኛው ቀን ደወለችልኝ። ድምፅዋ የሌላ ሴት ድምፅ ነበር። "ልጄ፣ ይሄ ኩሽና እንዴት ያለ ቆሻሻ ነው። አጸዳሁ እያልኩ ለካ ቅባቱን ሳስሰው ነው የኖርኩት።" ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ምን ስትሠራ እንደከረመች ታውቃላችሁ? መደርደሪያውን ሁሉ አውርዳ አጠበች። ምድጃውን ፈታታ ፋቀችው። የቅመም ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ወለወለች።

"ለሚያባርሩሽ ሰዎች?" ብዬ ጮኽኩባት። "እማዬ፣ በአላህ፣ እብድ ነሽ?"

"ቆሻሻ ትቼ አልወጣም" አለችኝ።

አልገባኝም፣ ዛሬም አይገባኝም። እኔ ብሆን ድስቱን እላያቸው ላይ ደፍቼ ነበር የምወጣው።

የበረራዋ ቀን ጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ ጠበቅኋት። ያመጣት ያ ሹፌር ነው፣ በልጁ ስም ያለው። ዕቃዋን አውርዶ፣ እጇን ስሞ፣ ቶሎ ሄደ፤ አላየኝም፣ ያፈረ መሰለኝ። እናቴ በሰው መሃል ቆማ ዙሪያዋን ታያለች። ከሩቅ እጄን ሳወዛውዝላት ቀጥታ ወደ እኔ መጣች፣ ማንም ሳይመራት፣ ማንንም ሳትገጭ። ያን ሳይ ንዴቴ ሁሉ ለአፍታ ለቀቀኝ።

አላቀፈችኝም። ፊቴን በሁለት እጆቿ ያዘችና ወደ መብራቱ አዞረችው፣ ልክ እኔ የዚያን ቀን ኩሽና ውስጥ እንዳዞርኳት። ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ አላውቅም፣ ፊቴን አየችው። በአውራ ጣቷ ከዓይኔ ሥር ዳበሰችኝ። ሒጃቤን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ፀጉሬን አየች።

"ስንት ዓመትሽ ነው?" አለችኝ።

"ሠላሳ ስድስት። አንቺ አይደለሽ የወለድሽኝ?" ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ። አልሳቀችም።

"እነሱ ጋ፣ በወረቀቱ።"

"አርባ ሦስት።"

"ሽማግሌ የሚሉት ስልሳ ሲሞላ ነው አላልሽኝም?"

"ነው።"

ጣቶቿን እያጠፈች ቆጠረች። ማንበብ አትችልም እንጂ ሒሳብ አትሳሳትም። እኔ ደግሞ ያ ሁሉ ሕግ፣ ያ ሁሉ ሽፋን፣ ያ ሁሉ ዕድሜ በእጄ ሲያልፍ የራሴን አንድም ቀን ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

"እንግዲያ አንቺን" አለችኝ፣ "ሳታረጂ ነው ሰባት ዓመት ቀድመው የሚያባርሩሽ።"

ሻንጣዋን ከእጄ ወሰደችና ሰልፉን ራሷ አይታ ገባች።